ብላክን በማውዝ የተጫወተ አለ? ኢላማዋ አልታዘዝ አለችኝ

የታቦር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነኝ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ልጅ ሆኜ አረብ ሰፈር አካባቢ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። አራት ቲቪ፣ አራት ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ሦስቱ ላይ ሁሌም ኳስ ነው። አራተኛው፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያደላው ቲቪ፣ የእኔ ነበር። ብላክ የሚባለውን የተኩስ ጌም እጫወትበታለሁ። ባለቤቱ አይወድልኝም። ኳስ ላይ ሁለት ሰው ይከፍላል፣ ብላክ ለብቻ ነው። "ዛሬም ልትተኩስ መጣህ?" ይለኛል። አንድም ቀን ጨርሼው አላውቅም። ቼክፖይንቱ (ስትሞት የምትመለስበት ቦታ) ሩቅ ለሩቅ ስለሆነ፣ እዚያ ሳልደርስ ሰዓቴ ያልቃል።

ከዚያ ካምፓስ ገባሁ። ዶርም ውስጥ ኬብል ዘርግተን ካውንተር ስትራይክ 1.6 ነበር ሥራችን። እጄ ማውዝ ለመደ፣ አውራ ጣቴ ጆይስቲክ ረሳ።

አሁን ፒሲኤስኤክስ2 የሚባለውን ኢሙሌተር (ፕሌይስቴሽን 2ን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። ባዮሱን (ማሽኑ የሚነሳበትን ፕሮግራም) ከአጎቴ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ አወጣን። ጌሙ ይሠራል፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ማውዙ ነው። የቀኝ አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው የጆይስቲክ ዱላ) ላይ መደብኩት። ቀስ ብዬ ስገፋው ምንም የለም። ትንሽ ስጨምር ኢላማዋ ዘላ ግድግዳ ላይ ትቆማለች። ከኋላዬ ተኩስ ሰምቼ ጠረጴዛውን በሙሉ ብጠርገው ደግሞ ሰውዬው እንደ ተሳቢ መኪና ቀስ ብሎ ይዞራል። ሴንሲቲቪቲውን ከፍም ዝቅም አድርጌ ሞከርኩ። ፒያሳ ሄጄ አዲስ ማውዝ ገዛሁ። ያው ነው። ላፕቶፔ ነው ደካማ ወይስ እኔ?

አሞራው፦

በማውዙ ብር አሞራ ገደል መጥተህ አሳ ብትበላ ይሻልህ ነበር።

ጆይስቲክ ጠጋኝ፦

ላፕቶፕህም አንተም ደህና ናችሁ። ማውዙን ግን በከንቱ ነው የቀየርከው።

እኔ አቶቴ ስድስት ዓመት ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረኝ። ከመጫወት ይልቅ ጆይስቲክ ስፈታ ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ከውስጥ ልንገርህ። አናሎጉ ለጌሙ የሚልከው ቁጥር ነው። ለግራና ቀኝ አንድ፣ ለላይና ታች አንድ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። ጣትህን ስታነሳ መሀል፣ 128 ግድም ላይ ይመለሳል። ጌሙ ያንን ቁጥር የሚያነበው "በምን ፍጥነት ልዙር?" ብሎ ነው። ማውዝ ስለዚህ አያወራም። "ይህን ያህል ሄድኩ" ብቻ ነው የሚለው። አናሎግ ቧንቧ ነው፣ ማውዝ ጆግ። ቧንቧው እንደከፈትከው መጠን ይወርዳል፣ እስክትዘጋው አይቆምም። ጆጉ ያዘነበልከውን ብቻ ይቀዳል። አንተ በጆግ ቧንቧ ልትከፍት እየታገልክ ነው።

ቀስ ስትገፋ ለምን ዝም ይላል? ያረጀ አናሎግ መሀል ላይ በትክክል አይቆምም። 128 መሆን ሲገባው 120 ላይ ይቀራል። ጌሙ ያንን ቢያምን ሰውዬው ብቻውን ሲሽከረከር ይውል ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ መሀል አካባቢ ያለውን ሆን ብለው አይሰሙትም፣ ዴድዞን የሚባለው እሱ ነው። ያንተ ጥቃቅን እንቅስቃሴ እዚያ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ጠረጴዛ ስትጠርግ ደግሞ ቁጥሩ 255 ይገባና አለቀ። ከዚያ በላይ ፍጥነት ጌሙ አያውቅም። ከፈለግክ ማውዙን ሐይቁ ድረስ ግፋው።

እና ምን ይሻላል? ማውዝ የሚያውቅ ጌም ፈልግ። ፕሌይስቴሽን 2 ፊቱ ላይ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ ነበረው፣ ትዝ ይልሃል? እኔ ቤት አቧራ ብቻ ነበር የሚገባበት። በፈረንጆቹ 2001 የወጣው ሃልፍ ላይፍ ግን በዚያ በኩል ማውዝና ኪቦርድ ይቀበላል። ፒሲኤስኤክስ2 ሴቲንግ ውስጥ የዩኤስቢ ፖርቶቹን ታገኛለህ፣ አንዱን ማውዝ አንዱን ኪቦርድ አድርገው። ጌሙ እውነተኛ ማውዝ የተሰካለት ይመስለዋል። በፕሌይስቴሽን 1 ዘመንም ነበረ። በ2000 የወጣው ኤሊየን ሪሰሬክሽን የሶኒን ማውዝ ይቀበል ነበር። ዳክስቴሽን (የፕሌይስቴሽን 1 ኢሙሌተር) ላይ የጆይስቲኩን ዓይነት ወደ ማውዝ ትቀይራለህ፣ በቃ።

ሌላው ኢንጀክተር የሚባል ፕሮግራም ነው። እሱ አናሎጉን ጭራሽ ይዘለዋል። ጌሙ ሰውዬው ወዴት እንደሚያይ ሚሞሪ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ይዞታል። ኢንጀክተሩ ቦታውን ስለሚያውቅ፣ ማውዝህ በሄደ ቁጥር ያችን ቁጥር ራሱ ይለውጣታል። ሰው በዚህ በጣም የሚጫወተው የ1997ቱን ጎልደንአይ ነው፣ የኒንቴንዶ 64ቱን። እኛ ሰፈር ያንን ማሽን ያየ አላውቅም እንጂ፣ ጆይስቲኩ ላይ የነበረው አናሎግ አንድ ብቻ ነው፤ ለመሄድም ለማነጣጠርም። ዛሬ ለእሱና ፐርፌክት ዳርክ ለሚባለው ጌም ተብሎ በተስተካከለ 1964 በሚባል ኢሙሌተር (ዓመተ ምሕረት አይደለም፣ ስሙ ነው) በማውዝ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ይጫወቱታል። ጣጣው፣ ያ የሚሞሪ ቦታ በየጌሙ ይለያል። አንድ ጌም እንኳ ሆኖ የአሜሪካና የአውሮፓ ቅጂው ይለያያል። ፒሲኤስኤክስ2 የጌም ዝርዝር ላይ ኮዱን እይ፣ ኤስኤልዩኤስ የአሜሪካ ነው፣ ኤስኤልኢኤስ የአውሮፓ።

ብላክን ግን እኔ ብሆን በጆይስቲክ ነው የምጨርሰው።

ዶርም 14፦

በጆይስቲክ መተኮስ በጓንት እንጀራ መብላት ነው።

ጆይስቲክ ጠጋኝ፦

አለመልመድ ነው እንጂ። እነዚያ ጌሞች የተሠሩት ለአውራ ጣት ነው። ጠላቱ ከበር ወጥቶ ትንሽ የሚጠብቅህ ወዶህ አይደለም፣ እስክታነጣጥር ጊዜ እየሰጠህ ነው። ማውዝ ይዘህ ስትገባ በግ እንደማረድ ይሆንብሃል። በማውዝ ከሆነ ቢያንስ ሃርድ ላይ አድርገው።

የታቦር ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ሃልፍ ላይፍን ልክ እንዳሉት አደረግኩት። ማውዙን አንድ ጣት ያህል ገፋሁት፣ ኢላማዋም ያችኑ ያህል ሄዳ ቆመች። ቆመች! ከወንበሬ ተነስቼ እህቴን ጠራኋት። አይታ "እና?" ብላኝ ወጣች።

ብላክንም ዴድዞኑን የሚያካክስ ትንሽ ነገር ኢሙሌተሩ ላይ ነካክቼ ሞከርኩት። ከበፊቱ ይሻላል፣ ግን ሲዞር አሁንም ያው ተሳቢ ነው። ትናንት ማታ እንደምንም ተራምጄ ልጨርሰው ስል መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ዓመቱ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምር?

ጆይስቲክ ጠጋኝ፦

ኤፍ1 ሴቭ ያደርግልሃል፣ ኤፍ3 ይመልስሃል። የትም ብትሆን። ቼክፖይንት ምን ያደርግልሃል፣ በር በከፈትክ ቁጥር ኤፍ1 ተጫን።

የታቦር ልጅ፦

ይህንን ያኔ ባውቀው ኖሮ ስንት ብር ይተርፈኝ ነበር። እሺ፣ ብላክን በጆይስቲክ ልሞክረው። እርስዎ ጋ የሚሸጥ ይኖራል?

ጆይስቲክ ጠጋኝ፦

ቤቱን ስዘጋ የቀሩ ሁለት አሉ፣ ከነዩኤስቢ ማገናኛቸው። አንዱ ጨርሶ አይሆንህም። የሌላው ግራ አናሎግ ትንሽ ብቻውን ይሄዳል፣ ፈትቼ አጸዳልሃለሁ።

የታቦር ልጅ፦

የቀኙስ? የማነጣጥረው በቀኙ ነው።

ጆይስቲክ ጠጋኝ፦

የቀኙ ከካርቶን እንደወጣ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ኳስ ሲጫወቱበት ማን ነክቶት።