የኬኔዲ ግድያ፦ አራተኛው ተኩስ መዝገቡን ያስከፍታል ወይ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በ1963 ዳላስ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ልዩ ኮሚቴ በ1979 «ኬኔዲ የተገደሉት በሤራ ሳይሆን አይቀርም» አለ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ በ1988 አሳማኝ ማስረጃ የለም ብሎ ዘጋው። ምርመራው እንደገና ይከፈት? (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አቤል፦
ይከፈት። ኮሚቴው በወሬ አልደመደመም። መነሻው የዳላስ ፖሊስ የሬዲዮ መስመር 1 ቅጂ ነው። የአንድ ሞተረኛ ፖሊስ ማይክሮፎን ተጣብቆ ለ5 ደቂቃ ተኩል ያህል ክፍት ቀርቶ ነበር። በነሐሴ 1978 የድምፅ ባለሙያው ጄምስ ባርገር ቡድን ግድያው በተፈጸመበት ዲሌይ ፕላዛ ላይ ማይክሮፎን ደርድሮ፣ ተጠርጣሪው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ተኮሰበት ከተባለው የመጻሕፍት መጋዘን 6ኛ ፎቅና ሁለተኛ ተኳሽ ነበረበት ከሚባለው ሣራማ ጉብታ እውነተኛ ጥይት አስተኮሰ። የገደል ማሚቶው ከየሕንጻው ተመልሶ የሚደርስበት ጊዜ እንደ ተኳሹና እንደ ሰሚው ቦታ ስለሚለያይ፣ ያንን ከቅጂው ጋር አስተያዩት። ባርገር ለጉብታው ተኩስ 50 በመቶ ዕድል ሰጠ፤ ሌሎቹ ባለሙያዎች ዋይስና አሽኬናሲ ስሌቱን አጥብበው 95 በመቶ አደረሱት። ግድያውን እንዲመረምር በመንግሥት የተቋቋመው ዋረን ኮሚሽን ሦስት ተኩስ ነው ያለው፤ አራተኛ ካለ ሁለተኛ ተኳሽ አለ።

መላኩ፦
95 በመቶው ድምፆቹ ይመሳሰላሉ ይልሃል እንጂ መቼ እንደተሰሙ አይነግርህም። ነገሩ የፈረሰው እዚያ ላይ ነው። በኖርማን ራምዚ የተመራው የብሔራዊ ምርምር ካውንስል ኮሚቴ፣ 12 ሳይንቲስቶች፣ በ1982 ያገኙት ይህን ነው፦ መስመር 1 ላይ ተኩስ ናቸው የተባሉት ምቶች ባሉበት ቦታ የሸሪፍ ዴከር ድምፅ በስሱ ይሰማል። ዴከር የተናገረው ግን በሌላው የፖሊስ የሬዲዮ መስመር፣ በመስመር 2 ነው፤ መርማሪዎች እስኪደርሱ ሁሉም ነገር እንዲጠበቅ ያዘዘውም ከተኩሱ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። ያኔ የፕሬዚዳንቱ መኪና ወደ ፓርክላንድ ሆስፒታል እየበረረ ነበር። ድምፁ በኋላ የተደረበ እንዳይባል ደግሞ፣ ሌላ ሬዲዮ ሲገባ የሚሰማው ፉጨት በመጣ ቁጥር የዴከር ድምፅ ዝቅ ይላል። ይህ የሚሆነው ተቀባዩ ሬዲዮ በዚያው ቅጽበት ሁለቱን አብሮ ሲይዝ ብቻ ነው።

አቤል፦
ጋሽ መላኩ፣ ይህንን አውቃለሁ። ግን የመስመር 2 መቅጃ ድምፅ ሲጠፋ ይቆማል፣ መርፌውም ይዘላል። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ቃል ብቻ ካሰሩ ሰዓቱ ይዛባል። ተመራማሪው ዶናልድ ቶማስ በ2001 በሳይንስ መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ በሁለቱም መስመሮች በሚሰማ ሌላ ንግግር አስሮ ወደ 96 በመቶ ደረሰ። ደግሞስ የምክር ቤቱ ኮሚቴ የጥይት ስብርባሪዎቹ ከሁለት ጥይት ብቻ ናቸው ያለበት የእርሳስ (ጥይቱ የተሠራበት ብረት) ትንተና የት ደረሰ? ኤፍ.ቢ.አይ. ራሱ በ2005 ጥይትን በእርሳስ ማመሳከር አቁሟል። የድምፁ ማስረጃ ሲደክም ብቻ ነው ጩኸቱ።

መላኩ፦
ስለ እርሳሱ አልከራከርህም፤ ወድቋል። ለቶማስ ግን የራምዚ ኮሚቴ አባላት በዚያው 2005 በዚያው መጽሔት መልሰውለታል። የአንድ ደቂቃው ልዩነት ጸንቷል። ሌላም አለ፦ ሞተሩ አጀቡ ውስጥ ከነበረ ሳይረኑ ወዲያው መሰማት ነበረበት፤ ቅጂው ላይ የሚመጣው ግን ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነው፣ ያውም አልፎ እንደሚሄድ ሆኖ።

ትዕግሥት፦
ሁለታችሁም ቅጂው ላይ ተቸክላችሁ ቀራችሁ። «ይከፈት» ስትሉ ማን ነው የሚከፍተው? በ1963 ፕሬዚዳንት መግደል የፌደራል ወንጀል አልነበረም፤ ሕጉ የወጣው በ1965 ነው። ስለዚህ የግድያው ክስ የቴክሳስ ነው። በቴክሳስ ግድያ ይርጋ የለውም፣ ግን በሕይወት ያለ ተከሳሽ ያስፈልጋል። የምክር ቤት ኮሚቴም አይከስም፤ የድምፁ ማስረጃ እንደገና እንዲጠና ለፍትሕ ሚኒስቴሩ ምክረ ሐሳብ ሰጠ፣ ጥናቱ ተካሄደ፣ መልሱ በ1988 መጣ። በዚያ በር መግባት አይቻልም።

ክፍት ያለው ሌላ ነው። በ1978 ሲ.አይ.ኤ. ከኮሚቴው ጋር እንዲያገናኝ የመደበው ጆርጅ ጆአኒደስን ነበር። ይኸው ሰው በ1963 ከማያሚ የኩባ ስደተኛ ተማሪዎችን ድርጅት ለሲ.አይ.ኤ. ይከታተል ነበር፤ የዚህ ድርጅት ሰዎች ናቸው በነሐሴ 1963 ኒው ኦርሊንስ ላይ ከኦስዋልድ ጋር የተጋጩት። ለኮሚቴው ማንም አልነገረውም። የኮሚቴው ዋና የሕግ አማካሪ ሮበርት ብሌኪ ይህን ሲያውቅ «ሲ.አይ.ኤ. ተባብሮናል» ያለውን ቃል ስቧል። ጠያቂውና ተጠያቂው አንድ ሰው የሆነበት ምርመራ ነው ማለት ነው።

መላኩ፦
ትዕግሥት፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ግን ጆአኒደስ በ1990 ሞቷል። ምክር ቤትን በማደናቀፍ ልክሰስ ብትይ እንኳ ይርጋው 5 ዓመት ነው። የቀረው የሰነድ ጉዳይ ነው። የ1992ቱ ሕግ የግድያው መዝገብ ሁሉ እስከ ጥቅምት 2017 እንዲወጣ ያዝዛል፤ አዘገዩት፤ በ2025 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ገጽ ወጣ።

አቤል፦
የመስመር 1 ድምፅ የተቀዳበት ዋናው የፕላስቲክ ቀበቶስ? በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። መርፌ ሳይነካው በብርሃን ቢነበብ፣ የመርፌው ዝላይ የሚባለው ክርክር አንዱ ግማሽ ያልቅ ነበር።

መላኩ፦
ይነበብ፣ አልቃወምም። የዴከር ድምፅ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ትዕግሥት፦
ለዚያ ክስ መክፈት አያስፈልግም፤ የቤተ መዛግብቱ ፈቃድ ይበቃል። እኔ የምጠይቀው የጆአኒደስ የ1978 ምደባ ትእዛዝ ማን እንደፈረመበት ነው።