ከፓራዳይዝ እስከ ካምፕ ሙር፦ የበረዶ ደርሶ መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም የሲያትል ልጆች። በግንቦት መጨረሻ ሬኒየር ተራራ ላይ፣ ወደ ጫፍ የሚወጡ ሰዎች የሚያርፉበት ካምፕ ሙር ደርሰን በዚያው ቀን ልንመለስ አስበናል። አዲስ አበባ ስላደግን ከፍታው ያስቸግረናል?

መልስ 1፦ ያስቸግራል። ባሕር ጠለል ላይ ጥቂት ሳምንት የኖረ ሰውነት የደጋውን ልማድ ይረሳል። መንገዱ ከመነሻው ከፓራዳይዝ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚጨርሰው ግን ዳገቱ ነው፣ ከ1,645 እስከ 3,100 ሜትር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፤ ፀሐይ ሲበረታ በረዶው ይላላና እግር እስከ ጉልበት ይሰምጣል። ለሰው 3 ሊትር ውሃ ያዙ። የፀሐይ ክሬም አገጭ ሥርና አፍንጫ ቀዳዳ ድረስ ተቀቡ፣ በረዶው ከታች ያንፀባርቃል።

መልስ 2፦ ዋናው ጠላት ጉም ነው። መንገዱ ከሚያቋርጠው ጅረት፣ ከፔብል ክሪክ በላይ ሁሉም ነጭ ነው። ስትወርዱ ወደ ቀኝ ከሳታችሁ የኒስኳሊ ግግር በረዶ ስንጥቆች ይጠብቋችኋል። ስትወጡ መንገዳችሁን ስልክ ላይ በጂፒኤስ ቅዱ፤ ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኩ በልብስ የውስጥ ኪስ ይሁን። ኮምፓስም አይቅር። ጉሙ ሲመጣ ካያችሁ፣ ካምፑ ቢታያችሁም ተመለሱ።

መልስ 3፦ ቁጭ ብላችሁ እየተንሸራተታችሁ ልትወርዱ ከሆነ መጀመሪያ የጫማውን የብረት ጥርስ አውልቁ። ጥርሱ በረዶው ላይ ሲነክስ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።