የፋብሪካ ገንዘብ ወደ ጣሪያ ይውጣ ወይስ ወደ ቆጣሪ?

አወያይ፦ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ታዲያ ፋብሪካዎች በየጣሪያቸው ሶላር መትከላቸው ያዋጣል? ወይስ ገንዘቡ ለዲጂታል ቆጣሪና መቆጣጠሪያ ቢውል ይሻላል? ክርክሩ እንዳይበተን አንድ መካከለኛ ፋብሪካ እንያዝ፦ ጭነቱ 150 ኪሎዋት፣ ጄኔሬተሩ 250 ኪሎዋት፣ በሳምንት 6 ቀን ይሠራል።

ሶላር ገጣሚ፦ ያዋጣል። 100 ኪሎዋት ማለት ባለ 550 ዋት ፓኔል 182 ነው። የሚይዘው ቦታ 470 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ለማጽጃ መረማመጃ ሲጨመር ወደ 600። በእኛ አገር ፀሐይ፣ ሙቀትና አቧራ የሚበሉት ተቀንሶ፣ በቀን ወደ 400 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። የመብራት ታሪፉ እንደሆነ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው።

ጥገና ክፍል፦ ወንድሜ፣ መብራት ሲጠፋ እኮ ያንተም 182 ፓኔል አብሮ ይጠፋል። ከመስመር ጋር የሚሠራ ኢንቨርተር፣ ማለትም የፓኔሉን ኃይል ወደ መብራት መስመሩ ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ፣ የመስመሩን ቮልቴጅ ካላገኘ ራሱን ይዘጋል። ብልሽት አይደለም፤ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ እንዳይገድል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ባለሀብቱ ግን ይህን የሚሰማው ክፍያው ካለቀ በኋላ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ።

ሶላር ገጣሚ፦ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ኢንቨርተሩም ተከትሎ ይነሳል። ባትሪ ባይኖርም ናፍጣ ይቆጥባል።

ጥገና ክፍል፦ ይነሳል፣ ግን ቁጥሩን እንየው። ጄኔሬተር ከ30 በመቶ ባነሰ ጭነት ለረጅም ሰዓት አይሠራም፤ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ጢስ መውጫው ጥቁር ቅባት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ለ250 ኪሎዋት ጄኔሬተር ይህ ወለል 75 ነው። ጭነቱ 150፣ ሶላሩ 100 ከሆነ ለጄኔሬተሩ የሚቀረው 50 ብቻ ነው። ስለዚህ ሶላሩን 75 ላይ የሚገታ ተቆጣጣሪ የግድ ይላል። እሱ ከሌለ ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኖች ሲቆሙ ሶላሩ ከጭነቱ ይበልጥና ኃይሉ ወደ ጄኔሬተሩ ይገፋል፤ መከላከያው ይቆርጣል፣ ፋብሪካው ሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል።

ሶላር ገጣሚ፦ ተቆጣጣሪው ይግባ፣ አልከራከርም። 75 ኪሎዋት ቢሆንም እኮ፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ብንል በሰዓት 22 ሊትር ናፍጣ ነው። ይኼ ትንሽ ነው?

ሒሳብ ሹም፦ ትንሽ አይደለም፣ ጄኔሬተሩ በወር ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚነግረኝ ካለ። ሁለት ሰዓትም 80 ሰዓትም ሊሆን ይችላል፤ በግምት ግን አልፈርምም። ደግሞ እሁድ የሚመረተው የት ይሄዳል? ትርፉን የሚረከብ ውል ከሌለ ከ7 ቀን የአንዱ ምርት ሜዳ ላይ ይቀራል።

ቆጣሪ ገጣሚ፦ ኧረ እኔም የምለው እሱን ነው። በዋናው ቦርድና በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ ቆጣሪ ይታሰር፣ ለሦስት ወር ይነበብ፣ ከዚያ ስለ ፓኔል እናውራ። አየር የሚያምቀውን ኮምፕሬሰር ብቻ ውሰዱ። እሁድ ሁሉም ማሽን ቆሞ እሱ ብቻ ይነሳ። 3 ደቂቃ አየር አምቆ 7 ደቂቃ ካረፈ፣ ማምረት ከሚችለው አየር 30 በመቶው በቀዳዳ ይወጣል ማለት ነው። በ7 ባር ግፊት የ3 ሚሊሜትር ቀዳዳ 3 ኪሎዋት ገደማ ይበላል፤ ቀንም ሌሊትም። መድፈኛው የሳሙና ውሃ፣ ቴፍሎንና ክላምፕ ነው።

ጥገና ክፍል፦ ቆጣሪውም ካልታወቀበት ይዋሻል። ሦስቱ ሲቲዎች (በየፌዙ ገመድ ላይ ታስረው ለቆጣሪው የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚለኩ ቀለበቶች) ሲታሰሩ አንዷ ከተገለበጠች የ90 ኪሎዋት ጭነት 30 ሆኖ ይነበባል፤ ሁለቱ ይደመራሉ፣ አንዷ ትቀንሳለች። ሥራ አስኪያጁ ግን "ቁጠባ ተገኘ!" ብሎ ሪፖርት ይልካል። የመረጃ ገመዱም የሞተር ፍጥነት ከሚቆጣጠር ኢንቨርተር ወደ ሞተሩ ከሚሄደው ገመድ ጋር በአንድ ትሬይ (የገመድ መደርደሪያ) ከሄደ ንባቡ ይዘባርቃል።

ቆጣሪ ገጣሚ፦ ልክ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፌዝ ንባብ ገመዱን አቅፎ በሚለካ የእጅ ክላምፕ ሜትር አመሳክሮ ነው መረከብ። ኔትወርክ ሲቋረጥም እዚያው ካርድ ላይ የሚመዘግብ ይሁን፤ ሁሉን ወደ ክላውድ የሚልከው ለእኛ አይሆንም።

የመስመር መሐንዲስ፦ ሁላችሁም "መብራት ጠፋ" ትላላችሁ፤ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ለሰዓታት መቋረጥ ነው። ሁለተኛው መብራቱ ብልጭ ብሎ የሚመለስበት፣ ከሰከንድ በታች የሚቆይ የቮልቴጅ መውደቅ። ክር መፍተያ ውስጥ ይበልጥ የሚጎዳው ይኼኛው ነው፤ ማሽኑን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ የኮንታክተሩ ኮይል ይለቃል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ የተበጠሰው ክር በየእንዝርቱ በእጅ ይቀጠላል። ለዚህ ሶላርም ጄኔሬተርም አይደርስም። መድኃኒቱ የመቆጣጠሪያውን መስመር ብቻ በትንሽ ዩፒኤስ (ባትሪ ባለው መጠባበቂያ) መያዝ ነው። በደቂቃ አንዴ የሚያነብ ቆጣሪ ደግሞ አያየውም፤ የቮልቴጅ ክስተት የሚመዘግብ መሆን አለበት።

ቆጣሪ ገጣሚ፦ ይህን ተቀብያለሁ። ለዋናው ቦርድ የሚገዛው ክስተት መዝጋቢ ይሁን።

ሶላር ገጣሚ፦ በአገር ደረጃስ? የመስመራችን ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ግንቦት 2011 ላይ የጊቤ 3 ውሃ ሲቀንስ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ሶላር ደህና የሚሰጠው ደግሞ በበጋ ነው፤ ግድቡ በሚጎድልበት ወቅት።

የመስመር መሐንዲስ፦ ይህ ክርክር ጥሩ ነው፤ ግን የሚያዋጣው ለአገሪቱ ነው እንጂ ለዚህ ፋብሪካ አይደለም። ፋብሪካው የሚቆመው ብዙ ጊዜ ውሃ ጎድሎ ሳይሆን የ15 ኪሎቮልቱ ገመድ በንፋስ ተነካክቶ ወይም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተጨናንቆ ነው። ሕዳሴ 13ቱንም ተርባይን ቢያዞር የተበጠሰ ገመድ አይቀጥልም።

ሶላር ገጣሚ፦ ገመዱ እስኪቀየር ፋብሪካው ናፍጣ እያነደደ ይጠብቅ ነው የምትሉት?

ሒሳብ ሹም፦ ለመሆኑ የጄኔሬተሩ ሰዓት ቆጣሪ ይሠራል? እሱን በየወሩ መጨረሻ የሚጽፍልኝ ሰው ካለ ሌላው ክርክር ለእኔ ግማሽ ያልቃል። እስከዚያ ኮምፕሬሰሩን ለማስደፈን የሚጠየቀውን ዛሬ አጸድቃለሁ።

ጥገና ክፍል፦ ሰዓት ቆጣሪው ይሠራል። ባለፉት ወራት ግን ማንም አልጻፈውም።