በዝናብ ባለቀ ሰመር ከልጆቼ ጋር እንዴት ላመስግን?

ሰላም ለናንተ ይሁን ወንድሞችና እህቶች፣ የምኖረው ኖርዌይ በርገን ነው፣ ተራራው ከባህር የሚመጣውን ደመና ስለሚይዘው ዝናብ መቼም አይጠፋም፣ የዘንድሮው ሐምሌ ግን ባሰበት። የ7 እና የ10 አመት ልጆች አሉኝ፣ አመቱን ሙሉ የጠበቁት ባህሩ ዳር ድንኳን ጥለን አንድ ሳምንት ለማደር ነበር፣ በሁለተኛው ሌሊት ውሃ ገብቶ ፍራሹም ልብሱም ራሰና ተመለስን። ድንኳኑ እስካሁን ሻወር ቤት ተሰቅሎ ይንጠባጠባል፣ የትንሿ ሰንደል ጫማ የዋጋ ወረቀቱ እንኳን አልተነሳም።

ማታ ማታ አብረን ነው የምንጸልየው። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥18 "በሁሉ አመስግኑ" የሚለውን ሳነብላቸው ትንሿ "እማዬ ፀሐይ ለምነን አልሰጠንም፣ ታዲያ ለምኑ ነው?" አለችኝ፣ መልስ አጣሁ። ጸሎተ ዕንባቆምንም ሞከርኩ፣ በለስ ባታፈራ ከብትም በበረት ባይኖር በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል የሚለውን፣ እኔን አንጀቴ ድረስ ይገባኛል እነሱ ግን በረት አይተው አያውቁም። እናቴ ወሎ እያለን ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲዘገይ ደጅ ቆማ እግዚኦ እያለች ታለቅስ እንደነበር ነገርኳቸው፣ ትልቁ በደንብ ሰማኝና "እኛ ግን እህል አልዘራንም" አለኝ፣ እውነቱን ነው።

ከፍቷቸው ሳለ እንዳልከፋቸው ሆነው ተመስገን እንዲሉ ማስገደድ አልፈልግም፣ ዳዊትም እኮ እያለቀሰ ነው ያመሰገነው። ከፍቶናል ብሎ የሚጀምር ተመስገን ብሎ የሚያልቅ፣ ልጆች በራሳቸው አፍ የሚሉት ሦስት አራት መስመር ጸሎት እናንተ ቤት እንዴት ነው የምትሉት?