የፕላስቲክ ሳተርን 5 ሞዴል አለኝ፣ ማብረር ይቻላል?

የማርቆሱ፦
ሰላም ናችሁ። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የሳተርን 5፣ ሰው ወደ ጨረቃ የወሰደውን ሮኬት፣ ሞዴል አመጣልኝ። 1 ለ144 የሚባለው ነው፣ ማለትም ከእውነተኛው 144 ጊዜ የሚያንሰው፣ ቁመቱ 77 ሳንቲሜትር ገደማ። ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ገጣጠምኩት፣ ቀባሁት፣ መደርደሪያ ላይ ቆመ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ታራግፍለታለች። አሁን ታናሽ ወንድሜ "ታዲያ ይሄ ነገር አይበርም?" ብሎ ያዘኝና እንቅልፍ አጣሁ። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን የመደርደሪያ ሞዴል ውስጡን ከፍተው ሞተር እየገጠሙ ሲያስወነጭፉት አይቻለሁ። በቡና ሻጭ ሚዛን መዘንኩት፣ 240 ግራም ነው። ከየት ልጀምር? ሞተሩንስ ከክብሪት ራስ ብሠራው?

ጣና ዳር፦
የክብሪቱን ነገር እርሳው። የኛ ሰፈር ልጅ በብረት ቱቦ ሞክሮ ሁለት ጣቱን አጥቷል፤ እስከዛሬ እጁን ኪሱ ውስጥ ነው የሚደብቀው። የሚሸጠው ሞተር በፋብሪካ ባሩድ የተጠቀጠቀበት የወረቀት ቱቦ ነው፣ የሚለኮሰውም ከሩቅ በባትሪ ነው።
መጠኑ በፊደል ነው የሚለካው፤ ከኤ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ሲ ስትሄድ ጉልበቱ በእጥፍ ይጨምራል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ሲ6-5 ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 70 ሚሊሜትር ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው 5 ሞተሩ ነዶ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ ናት። ግን እሱ የሚያነሳው ከነራሱ 113 ግራም ብቻ ነው። ያንተ ባዶውን ከእጥፍ በላይ ነው! ቢያንስ ዲ12-3 ይፈልጋል፣ 24 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፤ እሱ እስከ 396 ግራም ይችላል።

የዳንግላው መምህር፦
ከክብደቱ የሚብሰው ሚዛኑ ነው ወንድሜ። ሮኬት ሁለት ነጥብ አለው። አንዱ ክብደቱ የሚማከልበት ነው፣ ጣትህ ላይ አጋድመኸው ሳይወድቅ የሚቆምበት። ሌላው ነፋሱ የሚገፋው ግፊት የሚማከልበት ነው። የክብደቱ ነጥብ ከነፋሱ ነጥብ ወደ አፍንጫው ቢያንስ በአንድ የገላ ውፍረት መቅደም አለበት፤ ላንተ 7 ሳንቲሜትር መሆኑ ነው። የነፋሱን ለመገመት የሮኬቱን ቅርጽ በካርቶን ቁረጥና ካርቶኑን ማስመሪያ ጠርዝ ላይ አመዛዝነው።
የሳተርን ክንፎች እንዳየሃቸው ጥፍር ነው የሚያክሉት። እውነተኛው ቀጥ ብሎ የሄደው በእነሱ አይደለም፣ ከታች ካሉት አምስት ሞተሮች ዳር ዳሩን ያሉት አራቱ እየዘመሙ አቅጣጫውን ስለሚያስተካክሉ ነው። ያንተ ሞተር ደግሞ አይዘምም። ለዚህ ነው ሰዎቹ ግርጌው ላይ ከሲዲ ማቀፊያ የተቆረጠ ብርሃን አሳላፊ ክንፍ የሚለጥፉት፣ ከሩቅ አይታይም። አፍንጫው ውስጥ እርሳስ ይጨምራሉ፤ የዓሣ መረብ ማስመጫ ካገኘህ ግሩም ነው። ከሞተሩ እስከ ፓራሹቱ ድረስ ደግሞ የወረቀት ቱቦ አስገባ፣ አለዚያ ሞተሩ መጨረሻ ላይ የሚተፋው ትኩስ ጋዝ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል።
ከሁሉ በፊት ግን ክብደቱ በሚማከልበት ቦታ ገመድ አስረህ ከራስህ በላይ አዙረው። አፍንጫውን ካስቀደመ ተስፋ አለው።

የማርቆሱ፦
አሁን ከግቢ መግባቴ ነው። በሞተሩ ፋንታ 40 ግራም ጨው በወረቀት ጠቅልዬ ግርጌው ውስጥ ከተትኩ። ሲባጎ አስሬ አዞርኩት። መጀመሪያ በጎኑ ዞረ፣ ቀጥሎ ጅራቱን አስቀደመ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ጫፉ ላይ ያለችው የማምለጫ ማማ (በእውነተኛው ላይ ጠፈርተኞቹን በአደጋ ጊዜ የምታስመልጠው) ተገንጥላ ዶሮዎቹ መሃል ወደቀች። አውራ ዶሮው ሊውጣት ነበር፣ ለጥቂት ቀደምኩት። ወንድሜ በሳቅ ሞተ።

ቡሬ በር፦
እኔ እንደው ልንገርህ፣ ሳተርኑን ተወው። ሞተር በሻንጣ አይመጣም፣ አየር መንገዶች ከተቀጣጣይ ነገር ጋር ነው የሚደምሩት። ቢመጣልህም ጥር ላይ የጤፍ ክምር ባለበት አገር እሳት ልትለኩስ?
በምትኩ በውሃና በአየር ግፊት የሚወነጨፍ ሮኬት ሥራ። የ2 ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ፈልግ። የተራ ውሃውን አይደለም፣ ጋዝ ያለውን፤ እሱ ግፊት እንዲችል ነው የተሠራው። ሲሶውን ውሃ ሙላ፣ አፉን በቡሽ ድፈን፣ ቡሹን በስተህ የብስክሌት ቫልቭ አስገባበት። ጎሚስታ ጋ የተጣለ አይጠፋም። ከዚያ ገልብጠህ መቆሚያ ላይ አቁመህ በረጅም ቱቦ ከሩቅ ንፋ። ግፊቱ ሲበዛ ቡሹ ራሱ ይለቃል፣ ግን ከ4 ባር አታሳልፍ፣ አንገትህንም እላዩ ላይ እንዳታሰግግ። ውሃው በአንዴ ነው የሚገፋው፣ ሙሉውን ሳተርን ብትጭንበት ማጣበቂያው ይለቃል። ከሞዴሉ አፍንጫውን ብቻ ጫፉ ላይ ለጥፍ፣ ከታች ትልልቅ የካርቶን ክንፍ።
ደግሞ ለጎረቤት ቀድመህ ተናገር። በዚህ ጊዜ ሽው የሚል ነገር ከሰማይ ሲመጣ ሰው ይደነግጣል።

የማርቆሱ፦
አመሰግናለሁ። እናቴ አፍንጫውን ስነቅለው ዝም ብላ ነው ያየችኝ። ጎሚስታው ቫልቩን በነፃ ሰጠኝ፣ ቡሹ ግን በጎኑ ያፈሳል። ምን ልጠቅልለው?

ጣና ዳር፦
ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፕ። ሦስት ዙር ይበቃዋል፣ ካበዛኸው አይለቅልህም።