ሸዋ ሮቢት ደህና፣ ደብረ ብርሃን ደካማ የሚሆን ሞተር ሳይክል

ጥያቄ፦ ሞተር ሳይክሌ ሸዋ ሮቢት ላይ ደህና ቆይቶ፣ ጣርማበርን አልፌ ደብረ ብርሃን ስደርስ ጉልበቱ ይደክማል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል፣ ቤንዚን ይበላል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ካርቡራተሩ ግን ለቆላው የተለካውን ያህል ቤንዚን መልቀቁን ስለሚቀጥል ድብልቁ ይወፍራል፣ ማለትም ቤንዚን ይበዛበታል። ዋናውን ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) በአንድ ቁጥር ባነሰ ይቀይሩት፤ አስቀድመው ግን ፊልትሮውን (የአየር ማጣሪያውን) ያጽዱ።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም ቆላ ሲከርሙ የቀድሞውን ጂግለር ይመልሱ፣ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሞተሩን ከልክ በላይ ያግለዋልና። በሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ነቅለው ቢያዩ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጣ ማለቱ ማነሱን፣ ቡናማነቱ ልክ መሆኑን ይነግርዎታል። ስስ አየር የወሰደውን ጉልበት ሁሉ ግን ጂግለር አይመልስም።

ጠያቂው፦ ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ አገኘሁት፤ ጂግለሩን ነገ እቀይራለሁ።