ክላውድ አሽተንን የሚያውቅ አለ?

የስታዲየም ዙሪያ፦
ሰላም ወገን። ስታዲየም አካባቢ የሰፈር ልጆችን ኳስ አሰለጥናለሁ። አንዱ ልጅ ክላውድ አሽተን ስለሚባል እንግሊዛዊ አንብቦ መጣና በጥያቄ ያዘኝ። ሰውዬው ለብሔራዊ ቡድኑ የተሰለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያችው ጨዋታ ደግሞ አምበል ነበር። ደሞዝ የለውም፣ ክሪኬትም (ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ይጫወት ነበር አለኝ። በመጀመሪያ ጨዋታ አምበልነት እንዴት ይሰጣል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞተ የሚባለውስ?

የካዛንቺሱ ጡረተኛ፦
ልጄ፣ ስሙን የሚያነሳ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ክሪኬትን ያስወደዱኝ ከሕንድ ኬረላ የመጡት የሂሳብ መምህሬ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ አሽተን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

የተወለደው በ1901 ካልካታ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሦስት ወንድማማቾች ተከታትለው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ክሪኬት ቡድን አምበል ሆኑ፤ ጊልበርት በ1921፣ ሁበርት በ1922፣ ክላውድ በ1923። ከአንድ ቤት! በክሪኬት ለኤሴክስ አውራጃ ቡድን፣ በኳስ ለኮሪንቲያን ተጫወተ። ኮሪንቲያን ለተጫዋች ሳንቲም የማይከፍል ክለብ ነበር። የብራዚሉ ኮሪንቲያንስ ስሙን የወሰደው ከእነሱ ነው። አሽተን እዚያ ከአጥቂነት እስከ ግብ ጠባቂነት ያልሞከረው ቦታ የለም ማለት ይቻላል። እንጀራውን የሚያገኘው ግን በሂሳብ ሠራተኛነቱ (አካውንታንት) ነበር።

ጨዋታዋ ኦክቶበር 24 ቀን 1925 ቤልፋስት ላይ ከሰሜን አየርላንድ ጋር የተደረገችው ናት። ዜሮ ለዜሮ አለቀች። አምበልነቱ አይግረምህ። ያኔ እንግሊዞች ቡድኑ ውስጥ አማተር (ያለ ደሞዝ የሚጫወት) ካለ መሪነቱን ለእሱ መስጠት ይቀናቸው ነበር። ማክስ ዉስናምም በ1922 እንደዚሁ ነው፤ አንድ ጨዋታ፣ ያውም በአምበልነት። በክሪኬትማ ብሶ ነበር። ደሞዝተኛው ሌን ሃተን በ1952 አምበል ሆኖ እስኪሾም ድረስ በዚያ ክፍለ ዘመን ብሔራዊ የክሪኬት ቡድኑን ደሞዝተኛ መርቶት አያውቅም።

አራዳው፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ የሀብታም ልጆች ወግ ነው። አማተሩ በአንድ በር፣ ደሞዝተኛው በሌላ በር ወደ ሜዳ የሚገቡበት ዘመን ነበር። የድሃን ልጅ በነፃ ተጫወት ማለት አትጫወት ማለት ነው። የእኛዎቹ እነ መብራት ኃይል ቢያንስ ተጫዋቹን ሠራተኛ አድርገው ደሞዝ ይቆርጡለት ነበር።

የካዛንቺሱ ጡረተኛ፦
ስለ በሩ እውነትህን ነው። ሥርዓቱ አድሎ ነበረበት። ሰውዬውን ግን በዚያ ብቻ አትመዝነው። በጦርነቱ አየር ኃይል ውስጥ አገለገለ። ኦክቶበር 31 ቀን 1942 ዌልስ ውስጥ ካርናርቮን አካባቢ፣ በልምምድ ላይ፣ ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጩ። አሽተን በ41 ዓመቱ ሞተ። በዚያው አደጋ ሮጀር ዊንሎም አለፈ፤ እሱም የካምብሪጅ ክሪኬት ተጫዋች የነበረ፣ ገና 30 ዓመቱ። ጠላት ሳይተኩስባቸው፣ በልምምድ! ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

የስታዲየም ዙሪያ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ልጆቹ ክሪኬት አያውቁም፤ ከየት ልጀምርላቸው?

የካዛንቺሱ ጡረተኛ፦
እንግሊዝ ውስጥ ኢስትቦርን ከተማ ላይ ከተደረገው የክሪኬት ጨዋታ ጀምር። በ1921 ዋርዊክ አርምስትሮንግ በአምበልነት የሚመራት አውስትራሊያ እንግሊዝን እየዞረች ስትጫወት የሚያሸንፋት ጠፍቶ ነበር። አንጋፋው እንግሊዛዊ ክሪኬት ተጫዋች አርቺ ማክላረን አማተሮችን ብቻ ሰብስቦ ገጠማት። ሦስቱም አሽተኖች ነበሩበት፤ ክላውድ ገና 20 ዓመቱ ነው። በክሪኬት ሁለቱም ቡድኖች ሁለት ሁለት ዙር ይመታሉ፤ የማክላረን ልጆች በመጀመሪያው ዙር 43 ነጥብ ብቻ አስቆጥረው ወጡ። ውርደት ነው! አውስትራሊያ 174 አገባች። በሁለተኛው ዙር ኦብሪ ፎክነር 153፣ ሁበርት አሽተን 75 አስቆጠሩና ቡድኑ 326 ደረሰ። አውስትራሊያ ለማሸነፍ 196 ስትፈልግ 167 ላይ መቺዎቿ አለቁባት። በ28 ነጥብ ተሸነፈች (195 ብታገባ እኩል ይሆኑ ነበርና)።

ልጆቹ ነጥቡ እንዴት እንደሚቆጠር መጠየቃቸው አይቀርም። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ በሥዕል አድርጌ እልክልሃለሁ።